ጎደሎ ስፍር

ሰው ባላየው ነገር ላይ ያለው እምነት በምን ይሰፈራል?

የኔነህ ይህን ጥያቄ ሆላንድ አገር አራት ዓመት ሙሉ ሲያገላብጠው ኖሮ መልሱን ሳያገኝ ተመለሰ። መልሱን አያግኝ እንጂ መስፈሪያውን ግን ሠርቶ ነው የመጣው። ከታች እስከ አፉ አሥር ቀይ መስመር የተሰመረበት፣ ውስጡ ጥርት ብሎ የሚታይ የፕላስቲክ ብርጭቆ ነበር። ፊደል ያልቆጠረን ሰው «ከአንድ እስከ አሥር ስንት ትሰጠዋለህ?» ብሎ ከማደናገር፣ ሩዝ አቅርቦ «የምታምነውን ያህል ጨምርበት» ማለት ይሻላል ብሎ አሰበ። ሩዝ ለሚያበቅል ሰው በሩዝ። መምህሮቹ ወደዱለት። ዲግሪውንም ያገኘው በዚያው ብርጭቆ ነው።

አሁን ወረታ ላይ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ጀርባ፣ ከሩዝ መፈልፈያ ጎን አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ይኖራል። መፈልፈያው ሲነሣ ግድግዳው ይንዘፈዘፋል፤ ብርጭቆውም ጠረጴዛው ላይ በራሱ እየተራመደ ጫፍ ሲደርስ የኔነህ ቀልቦ ይይዘዋል። የተወለደው እዚሁ አጠገብ፣ ቁሐር ሚካኤል ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወጥቶ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ተመለሰ። ከተመለሰ ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አልሆነለትም። ከተማ ሲውል ገጠሩ ያምረዋል፣ ገጠር ሲወርድ ደግሞ ገና ሳይቀመጥ የመመለሻ ባጃጅ ያስባል። የሚጽፈውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ያጠፋዋል።

የቀጠረው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ ርብ ወንዝ ላይ፣ ከፎገራ ሜዳ ወደ ላይ፣ አንድ ነጭ ሣጥን ዘንግ ላይ ሰቅሏል። ውሃው ከልኩ ሲያልፍ ሣጥኑ ያውቃል፤ አውቆም የገበሬውን ስልክ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠራል። ስልኩን ያነሣ ሰው የአንዲት ሴት ድምፅ ይሰማል። «ውሃ እየመጣ ነው። ቤተሰብዎንና ከብትዎን ይዘው ወደ ከፍታ ቦታ ይውጡ።» ድምፁ የተቀዳው አዲስ አበባ ነው። ቁሐሮች «ልጅቱ» ይሏታል።

ከልጅቱ በፊት አያ ባየህ ነበሩ። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ዳር ካለችው ጉብታ ላይ ጎጆ ቢጤ ቀልሰው፣ ዓይናቸውን ጉና ተራራ ላይ፣ ጆሯቸውን ርብ ላይ ጥለው የሚከርሙ የጎጡ ውሃ ጠባቂ ናቸው። ፎገራ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ጎርፍ ይመጣል፤ ዝናቡ የሚጥለው ሌላ ቦታ፣ ከላይ ከጉና ነውና። አያ ባየህ የውሃው መልክ ሲለወጥ ያዩና የቆርቆሮ ጡሩምባቸውን ይነፋሉ። ቀኑን ሁሉ እዚያ ስለሚውሉም የጎጡ አርባ አምስት ቤተሰብ ተራ ገብቶ ሩዛቸውን ያርምላቸዋል። ውሉ ከአባታቸው የወረደ ነው።

የዚህ ውል ዕድሜ አሁን በብርጭቆው ላይ ተንጠልጥሏል። የፕሮጀክቱ የወረታ አስተባባሪ ደሳለው ነገሩን ሳይሸፋፍን ነግሮታል።

«ልኬቱ ከስምንት በላይ ከመጣ ጥበቃው ይቀራል። አርባ አምስት ሰው የአንድ ሽማግሌ አረም ሲነቅል ይክረም እንዴ፣ በዚህ ዘመን?»

«ከስምንት በታች ከመጣስ?»

«ጡሩምባውም ስልኩም አብረው ይቀጥላሉ። ግን አይመጣም» ብሎ ሳቀ ደሳለው። «ምነው፣ ያንተው አገር አይደለም? እኔ መጤው ልንገርህ?»

የኔነህ አገሩን የሚያውቅ መሰለው።

ሰኔ መባቻ ላይ ብርጭቆውንና አንድ ከረጢት ሩዝ ይዞ ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። መጀመሪያ የገባው ይርዳው ከሚባል፣ ከሰው ጋር መጫወት ከሚወድ ገበሬ ቤት ነው። ይርዳው ደጁ ላይ ሲያየው አጎዛ አነጠፈ፣ ጠላ አስቀዳ፣ ልጆቹን አስነሣ።

«ልጅቱ ደውላልዎት ታውቃለች?» አለ የኔነህ።

«ለሙከራ ብላ ሁለት ጊዜ ደውላለች። ባንዱ ስልኩን ያነሣችው ሚስቴ ናት። ‹ይህች ደግሞ ማን ናት፣ ቤተሰብዎን ይዘው ይውጡ የምትልህ? ወዴት ልትወስድህ ነው?› ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።»

«ውሸታም! አንድ ቀን ነው!» አለች ሚስቱ ከጓዳ።

የኔነህ ሥራውን አስረዳ። ከከረጢቱ ሩዝ ዘርግፎ ብርጭቆውን ከፊቱ አስቀመጠ። ልጅቱን ፈጽሞ ካላመኑ ባዶውን ይተዉት፣ ጥቂት ካመኑ ጥቂት፣ ሙሉ በሙሉ ካመኑ እስከ አፉ። ይርዳው በጥሞና ሰማ፤ ከዚያ የቀረበለትን ሩዝ በመዳፉ ወደ ከረጢቱ መለሰው።

«የራስዎን ሩዝ መልሼ ለራስዎ ልሰፍር? ነውር አይደለም እንዴ?» ብሎ ወደ ጓዳ ገባና በሁለት እጁ ሩዝ አፍሶ ወጣ። ብርጭቆውን ሞላው፤ ነቅነቅ አድርጎ ጠቀጠቀው፤ አሁንም ሞላው፤ በላዩ ቆለለበት። ሲጨርስ በሦስት ጣቱ ቆንጥሮ ጨመረ። «ይህች ደግሞ ምርቃት ናት።»

የኔነህ «አሥር» ብሎ ጻፈ። ለምርቃቱ ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም።

ሁለተኛው ቤት አሥር። ሦስተኛው አሥር። አምስተኛው ቤት ጎተራው ተሟጦ ኖሮ ዘጠነኛው መስመር ላይ ቆመ፤ ሰውዬው እየተሽኮረመመ ይቅርታ ጠየቀ። በማግሥቱ ሴት ልጁ የጎደለውን መስመር በጨርቅ ቋጥራ የኔነህ ካለበት ቤት ድረስ አመጣችለት። የኔነህ ሳቀና ዘጠኙን ሰርዞ አሥር አደረገው። ከረጢቱ ጠዋት ይዞት ከወጣው ይልቅ ማታ ይከብድ ጀመር። ሁልጊዜ የሚያመላልሰው ባለባጃጅ ሳይቀር ታዘበው።

«ዶክተር፣ ልጠይቅ ነው የምሄደው ይላሉ፤ ሲመለሱ ግን ሩዝ ነው የሚጭኑ። ምኑን ነው የሚጠይቋቸው?»

«ምን ያህል እንደሚያምኑ» አለው የኔነህ።

ባለባጃጁ ከረጢቱን በእጁ መዝኖ ከንፈሩን መጠጠ። «እንግዲያው ብዙ ያምናሉ።»

ቁጥር አርባ አንድ አክስቱ ነበሩ፤ የእናቱ ታናሽ እህት እትዬ ይርገዱ። እናቱ ወልዳው ስትታመም ከልጃቸው ጋር ጡት ያካፈሉት እርሳቸው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ለብቻቸው፣ ከጎጡ ሁሉ ዝቅ ያለው፣ ለወንዙ የቀረበው ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ከባላቸው መንጋ የተረፈቻቸው አንዲት የፎገራ ላም ናት፤ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር፣ ስሟም ቡሬ። ሌላው ሰው ክረምት ሲገባ ከብቱን ወደ ደጋ ይሰዳል። እትዬ ይርገዱ ግን የሚሰዱት ሰው የላቸውም፤ ቡሬም ከብዳ መውለጃዋ ለመስከረም ነው። ስለዚህ ደጃቸው ላይ አስረዋት ይከርማሉ። ጡሩምባው ከተነፋ ውሃው እስኪደርስ ድረስ ቡሬን ፈትተው ሚካኤል ደጀ ሰላም ለማድረስ ጊዜ አላቸው። ስንት ክረምት እንዲህ አልፏል።

የኔነህ ሲደርስ አጎዛ አልተነጠፈም።

«መጣህ? በል ቀንዷን ያዝልኝ» አሉት ቀና ሳይሉ። ከላሟ ጡት ሥር መዥገር እየለቀሙ ነበር። «ጠበቅ አድርገህ! ፈረንጅ አገር ጉልበትህን ቀምተው ነው የሰደዱህ?»

ቀንዷን ይዞ ቆሞ አስረዳቸው። ሲጨርስ እጃቸውን በሣር ጠራርገው ወደ ከረጢቱ ጎንበስ አሉ። ከራሱ ሩዝ ቆንጥረው ብርጭቆው ውስጥ ጣል አደረጉ። ጥቂት አሰቡና ሌላ ቆንጥረው ጨመሩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ደረሰ።

«ይኸው።»

«ሁለት?»

«አንዱ ለልፋታችሁ ነው። ልጅቱን አላውቃት፣ እናቷን አላውቅ። ውሃውን አይታው ታውቃለች?»

«ሣጥኑ ያይላታል፣ እትዬ።»

«ለሣጥኑስ ማን ያይለታል?»

የኔነህ ጥያቄውን ለወጠ። «ለአያ ባየህ ጡሩምባ ቢሆንስ ስንት ይሰፍራሉ?»

ብርጭቆውን ከከረጢቱ ውስጥ ነክረው ሞልቶ እየፈሰሰ አወጡት፤ ከዚያ መልሰው ገለበጡት። የኔነህ ያን ጊዜ ከሰኔ መባቻ ጀምሮ ሲከነክነው የነበረውን ነገር አወጣው።

«እትዬ፣ ሌላው ሰው ሁሉ እኮ ለልጅቱ ሞልቶ ነው የሰጠኝ።»

እትዬ ይርገዱ ቀጥ ብለው አዩት። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ቆይቶ ወደ ሳል ተለወጠ።

«እንዴ አንተ ልጅ! ደጁ ለመጣ እንግዳ ጎደሎ ስፍር የሚሰጥ ሰው ቁሐር ውስጥ አይተህ ታውቃለህ? ይርዳው ልጆቹን ቢያስርብ ላንተ ይሞላዋል።»

«እኔ ምን እንግዳ ነኝ? እዚሁ አይደለም የተወለድሁ?»

«ለኔ አይደለህም። ለነሱ ነህ» አሉት። ከዚያ ሳቃቸውን ቁርጥ አድርገው ክንዱን ያዙት። «በል ስማኝ። ደሳለው የሚባለው ሰውዬ ጡሩምባውን ሊያስቀር ነው አሉ። እውነት ከሆነ ለኔና ለዚህች ላም ተናገርልን። እኔ በዚህ እግሬ ውሃ ቀድሜ አልሮጥም።»

«እናገራለሁ» አላቸው።

ያን ቀን ወረታ ሲመለስ ከረጢቱ አልከበደም።

ለመናገር ሞከረ። አዲስ አበባ ላለችው የፕሮጀክቱ ኃላፊ ለዶክተር ነፃነት ደወለ። እርሷ ፈጣን፣ ቀና፣ ሥራ የምትወድ ሴት ናት።

«አርባ አንድ ቁጥር ላይ ሁለት አይቻለሁ» አለችው ገና ሳይጀምር። «ምንድን ነው?»

«አክስቴ ናቸው።»

«የሥጋ አክስትህ? እንግዲያው ይወጣላ። ዘመድ አይካተትም፤ ራስህ ያወጣኸው ደንብ እኮ ነው።»

እውነቷን ነበር። ዘመድ ለጠያቂው ሲል መልሱን ሊያጣምም ይችላል ብሎ፣ ሆላንድ ተቀምጦ፣ በራሱ እጅ የጻፈው ነው።

«ሌላም ነገር አለ» አለ የኔነህ። «ሰዎቹ ብርጭቆውን የሚሞሉት ምናልባት...»

«ምናልባት?»

ግድግዳው መንዘፍዘፍ ጀመረ። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ወደ ጫፉ ይራመድ ነበር። ብርጭቆው ስህተት ነው ብሎ ቢናገር፣ አራቱ ዓመትም፣ ዲግሪውም፣ ሥራውም ስህተት ይሆናሉ። የአንዲት ባልቴት ሳቅ ደግሞ ማስረጃ ነው ወይ? ምናልባት ሰዎቹ እውነትም አምነው ይሆናል። ምናልባት እትዬ ናቸው የተሳሳቱት።

«ምናልባት ክረምቱ ሲያልፍ ደግመን ብንለካ ጥሩ ነው ልል ነው» አላት።

«ግሩም ሐሳብ!» አለች።

ስልኩን ዘግቶ ሪፖርቱን ከፈተ። «መስፈሪያው እምነትን ሳይሆን እንግዳ አክባሪነትን ለክቶ ሊሆን ይችላል» ብሎ ጻፈ። አጠፋው። ደግሞ ጻፈው። ደግሞ አጠፋው። ቁጥር አርባ አንድን አወጣ። ጎተራቸው የሳሳባቸው ጥቂት ቤቶች ዘጠኝ ላይ ቢቆሙም የተረፈው አማካይ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ መጣ፤ ላከው።

ሐምሌ ሳይጋመስ፣ በእሑድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ደሳለው ጎጡን ከሚካኤል አጥር ውጭ ዋርካው ሥር ሰበሰበ። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ልጅቱን እንደሚያምን፣ ይህም በሳይንስ እንደተረጋገጠ፣ ስለዚህ ከእንግዲህ የአያ ባየህን ሩዝ ማረም እንደማያስፈልግ፣ ጡሩምባውም ለመታሰቢያ ፕሮጀክቱ ቢሮ እንደሚቀመጥ ተናገረ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ይርዳው አንገቱን ደፋ። ዘጠና ዘጠኙ የመጣው እያንዳንዱ በራሱ እጅ ሞልቶ ከሰጠው ብርጭቆ ነው፤ አሁን ተነሥቶ «ሞልቼ የሰጠሁት እንዲያው ለክብርዎ ነው» ማለት እንግዳውን በአደባባይ ማዋረድ ሆነበት።

አያ ባየህ ጡሩምባቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። አልሰጡትም፤ ይዘውት የኔነህ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ የሰፈርኸው አንተ ነህ። እኔ ስለ አረሙ አይደለም፤ አረሜን እነቅላለሁ። ይህ ሕዝብ ጡሩምባው ይቅር ብሏል?»

ሁሉም የኔነህን አየ። እትዬ ይርገዱ ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው ያዩታል። መናገር የነበረበት ነገር ቀላል ነበር። ሁለት ቃል ይበቃው ነበር።

«ቁጥሩ እንደዚያ ይላል» አለ የኔነህ።

አያ ባየህ ራሳቸውን ነቀነቁና ጡሩምባውን ለደሳለው አስረከቡ። እትዬ ይርገዱ ዓይናቸውን ከየኔነህ ላይ አነሡ።

በማግሥቱ የኔነህ ከወረታ ቁልፉ ትልልቅ የሆነ ስልክ ገዝቶ ለአክስቱ ወሰደላቸው። በፀሐይ የሚሞላ መሙያም ጨመረበት፤ ቁጥሩንም ልጅቱ የምትደውልላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በክር አድርጎ አንገታቸው ላይ አንጠለጠለላቸው፤ አረንጓዴዋን ቁልፍ እየተጫነ አሳያቸው። ዋርካው ሥር ስለሆነው ነገር አላነሡበትም። ስልኩን ከጡታቸው መካከል ከተቱና፣

«ያንተ ከሆነ እሺ» አሉት።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ የገበያ ቀን፣ ወረታ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ኔትወርክ የለም፤ ማንም ግን አልደነቀው፤ መጥፋትና መምጣቱ የተለመደ ነው። ስድስት ሰዓት ገደማ የኔነህ ምሳውን እየበላ ከጎንደር በኩል የሚመጣ መኪና መቅረቱን አስተዋለ። ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ተመልሶ መጣ። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ርብ ወጥቷል! ሜዳውን ሞልቶታል!» አለ።

የኔነህ ስልኩን አውጥቶ ወደ እትዬ ደወለ፤ ስልኩ ዝም አለ። እየደወለ ባጃጅ ላይ ዘሎ ወጣ። መንገዱ በውሃ እስከተቆረጠበት ድረስ ሄዶ ወረደና፣ ጭቃው ውስጥ እየተንቦጫረቀ፣ እየደወለ፣ ስልኩ ዝም እያለበት ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ካለበት ጉብታ ላይ ደረሰ።

ጎጡ በሙሉ እዚያ ነበር። ሰው አልሞተም። አያ ባየህ ጡሩምባውን ቢያስረክቡም ጎጇቸውን አልተዉም ኖሮ፣ ውሃው መልኩን ሲለውጥ አይተው እየጮኹ በየቤቱ ሮጠዋል። አሁን ድምፃቸው ፈጽሞ ተዘግቶ፣ ከአጥሩ ተደግፈው፣ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ። ከታች ሜዳው ቡና ዓይነት ውሃ ሆኗል። ገለባ፣ የንብ ቀፎ፣ የተገለበጠ ጎተራ ይንሳፈፋል። እትዬ ይርገዱ እስከ ወገባቸው ረጥበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ላይ ገመድ የለም፣ ከአጠገባቸውም ላም የለችም።

«እትዬ» አለ የኔነህ።

በዚያች ቅጽበት ኔትወርኩ መጣ።

መጀመሪያ የይርዳው ስልክ ጮኸ፤ ከዚያ የጎረቤቱ፤ ከዚያ በየኪሱ፣ በየጉያው፣ በየቋጠሮው ያለው ስልክ ሁሉ ባንድነት ጮኸ። ሰዎች ከልማድ እያነሡ ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ሚካኤል ደጃፍ ላይ በአርባ ስልክ አንዲት ሴት በለስላሳ ድምፅ ትናገር ጀመር። «ውሃ እየመጣ ነው። ቤተሰብዎንና ከብትዎን ይዘው ወደ ከፍታ ቦታ ይውጡ።» ይርዳው ስልኩን አየውና «ወጥተናል እኮ፣ እመቤት» አላት። የሳቀ የለም።

የእትዬ ይርገዱ ስልክ ከጡታቸው መካከል ይጮኻል። አውጥተው፣ አረንጓዴዋን ሳይጫኑ፣ ለየኔነህ ዘረጉለት።

«አንሣው። ያንተ ናት።»

አላነሣውም። እስኪዘጋ ድረስ እጁ ላይ ሲንዘፈዘፍ ቆየ።

«ጩኸት ሰምቼ ነበር» አሉ እትዬ ይርገዱ፣ ውሃውን እያዩ። «ባየህ ይሁን፣ ስለ ግጦሽ የተጣሉ ሰዎች ይሁኑ አለየሁትም። ጡሩምባ ቢሆን አውቀዋለሁ። ስልኩን አውጥቼ አየሁት፤ ዝም ብሏል። ‹የኔነህ የሰጠኝ ነው፤ ውሃ ቢሆን ይነግረኝ ነበር› ብዬ ተቀመጥሁ። ከቤት ስወጣ ጉልበቴ ደርሷል። የቡሬ ገመድ ረጥቦ ቋጠሮው አልፈታ አለኝ። በጥርሴም ሞከርሁት። በኋላ ይርዳው መጥቶ እኔን ጎትቶ አወጣኝ።»

ከዚያ በኋላ አላለቀሱም፤ አልረገሙትም። ነጠላቸውን ጨምቀው ተነሡና ከሴቶቹ ጋር ሄዱ።

ጥቅምት ላይ ሁለተኛው ልኬት ተካሄደ። ዶክተር ነፃነት ከሰው እምነት ላይ ጎርፍ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ማየት ለጥናቱ ትልቅ ዕድል ነው ብላለች። ሣጥኑ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ የጠፋው ኔትወርኩ ነው፤ እርሱም ሪፖርቱ ላይ በአንድ መስመር ተጽፏል። የኔነህ ብርጭቆውን ይዞ ዞረ። ይርዳው አጎዛ አነጠፈ። ሩዙ ግማሹ በውሃ ሄዶበታል፤ ያም ሆኖ ሞላ፣ ጠቀጠቀ፣ ቆለለ፤ ምርቃቱን ብቻ ቀነስ አደረጋት። የኔነህ «እባክዎ የልብዎን ይስፈሩ» ብሎ ለመነው። ይርዳው ተቆጣ። «ምን ጎደለና ነው?»

አሥር። አሥር። አሥር።

ዘመድ እንደማይካተት እያወቀ ወደ እትዬ ይርገዱም ሄደ። ቤታቸው ስለፈረሰ ይፋግ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። በሩ ላይ ሲቆም ከውስጥ «ይግቡ፣ ይግቡ» አሉ። የኔነህ ከኋላው ማን መጥቷል ብሎ ዞሮ አየ። ማንም አልነበረም።

አጎዛ ተነጠፈለት። ውሃ ቀርቦ እጁን ታጠበ። ጠላ ተቀዳለት፤ እትዬ ይርገዱም እርሱ እስኪጠጣ ድረስ ቆመው ጠበቁት። እንዲህ ያለ ወግ ሲያደርጉለት የመጀመሪያቸው ነበር።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ። ምነው?»

«ግድየለም፣ ይጫወቱ።»

ስለ ቡሬ ሊጠይቅ፣ ይቅርታ ሊል፣ ሌላ ላም ልግዛልዎ ሊል ነበር የመጣው። ግን የሚያደርገውን አጥቶ ብርጭቆውን አወጣ፤ ሌላ ነገር አልያዘም። ከፊታቸው አስቀመጠው፤ ከረጢቱንም አስጠጋላቸው፤ ሁለት ቁንጥር፣ አንድ ቁንጥር፣ ባዶም ቢሆን ይስጡኝ እያለ በልቡ ለመነ።

እትዬ ይርገዱ ከረጢቱን አልነኩም። ወደ ጓዳ ገቡና ከልጃቸው ሩዝ በሁለት እጃቸው አፍሰው ወጡ። ብርጭቆውን ሞሉት። ነቅነቅ አድርገው ጠቀጠቁት። ቆለሉበት። በመጨረሻ በሦስት ጣታቸው ቆንጥረው በላዩ ጨመሩ።

«በቂ ነው?» አሉት።

ወደ ወረታ የሚመለሰው ባጃጅ ውስጥ ከረጢቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ኔትወርክ ነበር። ስልኩ ላይ ከዶክተር ነፃነት መልእክት ገብቶለት አገኘ። የሁለተኛውን ልኬት የመጀመሪያ ቁጥሮች አይታ ተደስታለች፤ እምነቱ በጎርፍ አልተነቃነቀም፤ ይህ በሌሎች ወንዞች ላይም ለመስፋፋት በቂ ነው ትላለች። የኔነህ ጻፈ። ሳያጠፋ ጻፈ።

«ዶክተር፣ ብርጭቆው ስህተት ነው። ሰዎቹ የሞሉት እንግዳ ስለሆንሁ ነው። ሰኔ ላይ አውቄ ዝም አልሁ። ቁጥር አርባ አንድን መልሱት፤ ሁለት ነበር። ሌሎቹን ሁሉ አውጡ። ጡሩምባውን ለአያ ባየህ መልሱላቸው።»

ላከው። ወዲያው መድረሱን፣ ጥቂት ቆይቶም መነበቡን ስልኩ አሳየው። ወረታ እስኪገባ ያየው ነበር። መፈልፈያው ቆሞ፣ ግድግዳው ጸጥ ብሎ፣ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሳይንቀሳቀስ ሲያድርም ያየው ነበር። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም። የጎጡ ሩዝ ታጭዶ ተወቃ፤ ጡሩምባው ደሳለው ቢሮ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ መልስ አልመጣም።